ያበጠው የእድር ንብረት

ሲጨበጨብለት ጆሮው የሚደፈን ሰው አለ። ያ ሰው እኔ ነኝ። በተጨበጨበልኝ ቀን፣ ከጭብጨባው ቀጥላ የመጣችውን አንዲት ጥያቄ በቅጡ ሰምቼ በቅጡ መልሼ ቢሆን ኖሮ፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብላ ባለችው ሰፈራችን ማንም ሳይሞት ለቅሶ ባልተቀመጠ ነበር።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ቀን ቀን ጳውሎስ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ሳነሳ እውላለሁ። ከሥራ ስወጣ ግን በአርባ ስድስት ዓመቴ በሪሞት የምትሄድ መኪና እሠራለሁ። እገዛለሁ አላልኩም፤ እሠራለሁ። ጎማዋን ከዚህ፣ ሞተሯን ከዚያ ለቃቅሜ፣ ባትሪዋን መርጬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ እንጦጦ የሚያስወጣው ዳገት ዳር ወስጄ እለቃታለሁ። የሚኒባስ ረዳቶች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "ፋዘር፣ አንድ ሰው ትጭናለች?" ይሉኛል። እኔ አላፍርም። ሰው በዚህ ዕድሜው ከሚጠጣ መኪና ቢነዳ ይሻላል ባይ ነኝ። ባለቤቴ ሒሩት ግን "የሚጠጣ ሰው እንኳ ሲጨርስ ጠርሙሱን ይመልሳል፤ አንተ ያመጣኸው ሁሉ እዚሁ ይቀራል" ትለኛለች።

የመኪናዋ ነፍስ ሊትየም ባትሪ ነው። እኛ የሬዲዮ ድንጋይ ስለለመድን ባትሪ ሁሉ ገራም ይመስለናል። የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጎኑ በጥርስ ይነከሳል፣ ከዚያ ተነስቶ ሁለት ቀን ያወራል። ሊትየምን የነከሰ ሰው ግን ለሚቀጥለው የሚነክስበት ጥርስ አይተርፈውም። ሁልጊዜ ጠግቦ ከተቀመጠ ያብጣል፣ ጨርሶ ከተራበ ይሞታል፣ ከወጉት ይነድዳል። ሥራ ፈቶ ለሚቀመጥ ሊትየም የሚስማማው ግማሽ ሆድ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቤቴ ያሉት ባትሪዎች ጫፋቸው በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ አሸዋ በተነጠፈበት የሸክላ ድስት ውስጥ፣ ከመጋረጃና ከምድጃ ርቀው ነው የሚቀመጡት። በየወሩ በቴስተር እለካቸውና ቁጥሩን እላያቸው ላይ እጽፋለሁ። ሒሩት ይህን ስታይ "የልጆቻችንን የክትባት ቀን አንድም ጊዜ አስታውሰህ አታውቅም፤ ለነዚህ ግን ካርድ አወጣህላቸው!" ትላለች። ድስቷም የሷ ስለነበረች ንግግሩ በዚያ አያበቃም።

እንግዲህ ቤቴ ውስጥ እንዲህ ጥንቁቅ የሆንኩ ሰው፣ እድር ቤት ውስጥ ምን ሠራሁ መሰላችሁ?

እድራችን የሰፈሩ ሁሉ ነው። ሰብሳቢው ጋሽ ወንድሙ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ የሚጠልፉ፣ ጸሎት ከአፋቸው የማይጠፋ ጴንጤ ናቸው። ጸሐፊዋ እትዬ ዘነበች ከመዝገብ ቤት በጡረታ የተሰናበቱ ቢሆንም መዝገቡ ግን እሳቸውን አልተሰናበተም። ንብረት ያዡ ጋሽ ሸምሱ ባለሱቅ ናቸው፤ የእድሩ ንብረት ቤትም ከሱቃቸው ጀርባ፣ ከእድር ቤቱ ጎን ነው። ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ሰታቴው፣ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ማንኪያ ጠፍቶባቸው አያውቅም። ሰው የሚኮራበት ነገር ይለያያል፤ የሳቸው ማንኪያው ነው።

አንድ ለቅሶ ላይ መብራት ጠፋና የእድሩ ጄኔሬተር ተነሳ። ጩኸቱ አልቃሾቹን አስናቀ። ያኔ ሐሳብ መጣልኝ። ከመኪናዬ ሁለት ባትሪዎች ነቅዬ፣ አንድ ሳጥን ውስጥ ከረድፍ አምፖሎች ጋር ገጣጥሜ፣ ድምፅ የሌለው የድንኳን መብራት ሠራሁ። ጠቅላላ ስብሰባው ፊት ቦግ ሳደርገው ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንዲት እናት እልልታ ሊጀምሩ ሲሉ የእድር ስብሰባ መሆኑ ትዝ ብሏቸው አቆሙት።

እትዬ ዘነበች ብዕራቸውን አንስተው ጠየቁ፦ "አያያዙስ እንዴት ነው? ጋሽ ሸምሱ ምን ያድርጉ?"

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ግማሽ አድርገው ያስቀምጡት፣ በየወሩ ይለካ፣ ከድንኳንና ከፍራሽ ይራቅ። ግን "ይህ ነገር ካልተጠነቀቁለት ይቃጠላል" ብሎ ለጀመረ ሰው ማን ያጨበጭባል? ጭብጨባው ገና አልበረደም ነበር፤ ሳሳሁለት።

"ምንም አይፈልግም፤ አስቀምጦ መርሳት ነው!" አልኩ።

እንደገና ተጨበጨበ። እትዬ ዘነበችም "ንብረት ቁጥር ስልሳ ሁለት፣ መብራት ከነባትሪው" ብለው መዘገቡት።

ስምንት ወር አለፈ። እኔም ራሴ ባልኩት መሠረት አስቀምጬ ረሳሁት። አንድ ሰኞ ከለቅሶ የተመለሰ ወንበር ለመደርደር ንብረት ቤቱ ስገባ፣ ሳጥኔ ታጥፎ በተቀመጠው በአዲሱ ድንኳን ላይ ጉብ ብላለች። ክዳኗ አልገጠመም። ጠጋ ብዬ ሳይ አንደኛው ባትሪ እንደ ተነፋ የብስኩት ፓኬት አብጦ ክዳኑን ወደ ላይ ገፍቶታል። ገመዱ ሶኬት ላይ ነው። 

"ጋሽ ሸምሱ፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው የተሰካው?"

"ካመጣኸው ቀን ጀምሮ" አሉ በኩራት። "ወላሂ አንድ ቀን ነቅዬው አላውቅም። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ መብራቱ ሁሌ ሙሉ ሆኖ መጠበቅ አለበት። አየኸው እንዴት እንደሞላለት!" ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ያበጠውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

ነቀልኩት። "አብጧል ጋሽ ሸምሱ። ከእንግዲህ አይሰካም፣ አይነካም። አሁኑኑ ልውሰደው።"

ፊታቸው ተለወጠ። "ተበላሽቷል ነው የምትለኝ?"

"እ... ማለቴ፣ ተበላሸ እንኳ..."

"በኔ እጅ?"

እዚህ ላይ ነበር አፌን መክፈት የነበረብኝ። "የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ እኔ ነኝ ሳልነግርዎ የቀረሁት" ማለት ስንት ቃል ነው? ቆጥሬዋለሁ፣ ከአሥር አይበልጥም። እኔ ግን ዝም አልኩ። እስካሁን የማፍረው በዚያች ዝምታ ነው።

ጋሽ ሸምሱ ራሳቸውን ሰብሰብ አድርገው "እንግዲያው አይወጣም" አሉ። "ደንቡን ታውቃለህ። የተበላሸ ንብረት ኮሚቴው በዓይኑ ሳያየው ከዚህ ቤት አይወጣም።" ደንቡ የወጣው አንድ አባል ሰታቴ ላስበይድ ብሎ ወስዶ በምትኩ ግማሽ የምታህል ሌላ ሰታቴ ከመለሰ በኋላ ነው። "እሺ፣ ግቢው ላይ አሸዋ ውስጥ እናኑረው" ብላቸው "የእድር ንብረት ውጭ አያድርም" አሉኝ። ለምኜ ለምኜ ከድንኳኑ ላይ ወርዶ ጥግ ሲሚንቶው ላይ እንዲቀመጥ ተፈቀደልኝ። ጥግ አልኩ እንጂ ቤቱ ከጫፍ ጫፍ ሦስት እርምጃ ነው። ባትሪው ቢነሳበት ድንኳኑም ፍራሹም በአንድ ትንፋሽ ይሄዳሉ። ሰፈሩ ለአሥር ዓመት አዋጥቶ የገዛው ድንኳን ነው።

ወደ ጋሽ ወንድሙ ሮጥኩ። ጥልፋቸው ላይ አቀርቅረው አገኘኋቸው።

"ጋሽ ወንድሙ፣ አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራልኝ።"

"ጌታ ሆይ! ሰው ሞተ እንዴ?"

"የሞተ እንኳ የለም፤ ግን..."

"እንግዲያው አስቸኳይ አይደለም" ብለው ክራቸውን ሳቡ። "የእድር አስቸኳይ አንድ ብቻ ነው። ሌላው የወሩ መጀመሪያ እሁድ ይታያል።"

እሁዱ ገና አሥራ ሦስት ቀን ይቀረው ነበር።

ምን ላድርግ? ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በቆርቆሮ ባልዲ አሸዋ ሞልቼ እድር ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጭስ ብትታየኝ ገብቼ አሸዋውን ልደፋበት ነው። ጋሽ ሸምሱ የንብረት ቤቱን በር ገርበብ አድርገው ተዉልኝ። አገጬን በእጄ ደግፌ፣ ዓይኔን በሩ ላይ ተክዬ መጠበቅ ጀመርኩ።

አሁን እስቲ እናንተ ፍረዱ። አንድ ትልቅ ሰው በሥራ ቀን እድር ቤት ደጃፍ አገጩን ይዞ ተክዞ ሲቀመጥ ብታዩ ምን ትላላችሁ?

አንዲት እናት ከገበያ ሲመለሱ ቆሙ። "ምነው ልጄ?" አሉኝ።

"ምንም የለም እማማ።"

እውነቴን ነው። ግን በኛ ሰፈር እድር ቤት ደጃፍ ተቀምጦ "ምንም የለም" የሚል ሰው መርዶ የደበቀ ሰው ነው። እማማ ዘንቢላቸውን መሬት አኑረው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ አጠገቤ ቁጭ አሉ። "አይዞህ" ብቻ አሉኝ። እኔም ከልቤ ፈርቼ ስለነበር "አሜን" አልኩ።

ረቡዕ ሰባት ሆንን። ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ አንድም አልነበረም። የሰፈሩን ሟች አለማወቅ ነውር ነው፤ ከጎረቤት መራቅን ያሳብቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሌላው የሚያውቅ መስሎት "አይ ይቺ ዓለም!" ብሎ ይቀመጥና ስም እስኪጠራ ጆሮውን ያቆማል። እኔም አላረምኳቸውም። ባረም "ታዲያ ምን ትሠራለህ?" እባላለሁ፤ ምን እንደምሠራ ከተናገርኩ ስለ ባትሪው እጠየቃለሁ፤ ስለ ባትሪው ከተጠየቅሁ ያቺ "አስቀምጦ መርሳት ነው" ያልኳት ትወጣለች። አንዲት ውሸት ስንት ሰው ታስቀምጣለች!

ሐሙስ ንፍሮ መጣ። ማን እንዳስቀቀለው አላውቅም። ስንዴና ሽምብራ ነው፣ ጨው በልኩ። ሳይበሉ መጠበቅ ደግሞ ከባድ ነው፤ አፌን ሞልቼ እያላመጥኩ ሳለ ከላይ በኩል ጩኸት ሰማሁ። ሒሩት ናት። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል፣ ሁለት ጎረቤቶቻችን ክንዷን ይዘዋታል፣ "ባሌን! ባሌን!" እያለች ትወርዳለች።

ለካስ ሰዎቹ ከሦስት ቀን በኋላም ስም ሲያጡ ራሳቸው ማሰብ ጀምረው ኖሯል። "ሚስቱ አልመጣችም፤ ስለዚህ መርዶው የሷ ነው" ብለው ሁለት ሴቶች ቀስ ብለው ቤቷ ሄደው፣ ምንም ሳይናገሩ ግራና ቀኟ ተቀመጡ። ሒሩት ልምዱን ታውቃለች። እኔ ሥራ ላይ ያለሁ ይመስላታል፣ ስልኬንም ቤት ረስቻለሁ፤ ስለዚህ ሟቹ እኔ መሰልኳት።

ደርሳ ስታየኝ ቀጥ አለች። እኔም በንፍሮ እንደተሞላ አፌ፦

"ምነው? ማን ሞተ?" አልኳት።

ባንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች በሌላው ትከሻዬን ነረተችኝ። መዳፏ ከባትሪው በላይ ቻርጅ የተደረገ ነበር።

በዚህ መሐል የለቅሶውን ወሬ የሰሙት ጋሽ ወንድሙና እትዬ ዘነበች እየተጣደፉ ደረሱ። ጋሽ ሸምሱም ከሱቃቸው ወጡ። "ሟች ማን ነው?" አሉ ጋሽ ወንድሙ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ፤ ቀጥሎ ሁሉም እኔን አየ።

"ማንም አልሞተም" አልኩ። "ባትሪው አብጦ ነው። ቤቱ እንዳይቃጠል እየጠበቅሁ ነው።"

የመጀመሪያዋ እማማ ዘንቢላቸውን ያዙ። "ሦስት ቀን ሙሉ ነጠላዬን የዘቀዘቅሁት ለባትሪ ነው?"

እትዬ ዘነበች ግን ሰው መቁጠር ጀምረው ነበር። "ሰብሳቢ አሉ፣ ጸሐፊ አለሁ፣ ንብረት ያዥ አሉ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ንብረቱ ይቅረብና በዓይን ይታይ!" ብለው ከቦርሳቸው መዝገቡን አወጡ።

ጋሽ ሸምሱ ገብተው ሳጥኑን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው አመጡት።  ጋሽ ወንድሙ ያበጠውን ባትሪ በሁለት ጣት አንስተው አገላበጡት። "ይሄማ ነፋስ ብቻ ነው" አሉ። ከኮታቸው ገበር የጥልፍ መርፌያቸውን መዘዙ። "ትንሽ ቀዳዳ ከፍተን ብናስተነፍሰው..."

እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። ባትሪውን ከእጃቸው ነጥቄ አሸዋው ውስጥ ቀበርኩት። ንፍሮው ተበተነ፣ ጋሽ ወንድሙም እማማ ጭን ላይ ተቀመጡ።

"ምን ነካህ? አስቀምጦ መርሳት ነው አላልክም?" አሉኝ ከዚያው ሆነው።

ይኼኔ ጋሽ ሸምሱ ወደ ፊት ወጡ። የንብረት ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው መዝገቡ ላይ አኖሩት። ድምፃቸው ቀስ ብሎ ነው የወጣው።

"አሥራ አንድ ዓመት ማንኪያ አልጠፋብኝም። ይሄ ግን በኔ እጅ ተበላሸ። እንዴት እንደተበላሸ ወላሂ አላውቅም። ቁልፉን ተረከቡኝ።"

  ቤት ቢቃጠል እሳቱን ጎረቤት ያጠፋዋል፤ የኚህ ሰውዬ ፊት ግን እንዲህ ሆኖ ከቀረ ማን ይመልሰዋል? ባልዲውን አቅፌ ቆምኩ።

"የሳቸው ጥፋት አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ። ግማሽ ሆኖ መቀመጥ እንዳለበት አውቅ ነበር። በየወሩ መለካት እንዳለበትም አውቅ ነበር። ከድንኳን መራቅ እንዳለበትም እንደዚያው። ቤቴ ያሉትን እንደዚያ ነው የምጠብቃቸው፤ ሒሩት ትመስክር። እዚህ ያልተናገርኩት ጭብጨባው እንዳይቋረጥብኝ ነው።"

ሒሩት "ድስቴን ሳይቀር ወስዶላቸዋል" ብላ መሰከረች።

እትዬ ዘነበች ሁሉንም ጻፉ፤ ጽፈውም በመዝገብ ቤት ድምፃቸው አነበቡት። "አባሉ የባትሪውን አያያዝ እያወቀ ለጭብጨባ ሲል መደበቁን በራሱ አንደበት አምኗል። ንብረት ያዡ ምንም ጥፋት የለባቸውም። ንብረት ቁጥር ስልሳ ሁለት ከመዝገብ ይሰረዝ።" ቀና ብለው "የምትጨምረው አለ?" አሉኝ። 

እማማ ጋሽ ወንድሙን ከጭናቸው እያስነሱ "ይሁን፤ ግን ሦስት ቀን የተቀመጥኩበትን ሟች ስም ልወቅ" አሉ።

"የዚህ ሰውዬ ጉራ ነው የሞተው" አሉ ጋሽ ወንድሙ።

"ነፍስ ይማር!" አለ የተሰበሰበው ሁሉ ባንድ ድምፅ።

"ኧረ ቀስ በሉ፣ አልሞተም" አለች ሒሩት። "አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ።"

ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ከሁሉም የከነከነኝ ግን ሳቁ አልነበረም፤ ጋሽ ሸምሱ አልሳቁም። ቁልፋቸውን አነሱ፣ በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ኪሳቸው ከተቱት።

የሁለቱንም ባትሪ ጫፍ ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልዬ፣ በአሸዋው ባልዲ ከግድግዳ ርቆ ግቢው መሐል አኖርኩት። የት እንደሚጣል ግን ሌላ ጣጣ ሆነ። የጠየቅኋቸው የሞባይል ጠጋኞች "ገንዳ ውስጥ ወርውረው" አሉኝ። ገንዳ ማለት ግን ከቤት ቤት ዞረው ቆሻሻችንን በጀርባቸው የሚሸከሙ እናቶች ናቸው። የነሱ ጀርባ ላይ እሳት ልጭን? ጠያይቄ ጠያይቄ በከተማው በሌላኛው ጫፍ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚረከብ ቦታ አገኘሁ። ቅዳሜ የአንድ ጎረቤት ፒክ አፕ ለምነን ሄድን። ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ከኋላ ባልዲው አጠገብ ተቀምጠው አብረውኝ ሄዱ።  የርክክብ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ስንመለስ ንብረት ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

"ግማሽ አድርገው ብትለኝ ኖሮ ግማሽ አደርገው ነበር" አሉኝ። "እኔ የሰጡኝን ነገር የምጠብቀው እንደነገሩኝ ነው።"

ራሴን ደፋሁ። ይቅርታ ልል ስጀምር በእጃቸው አቆሙኝና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"ሌላ ያልነገርከኝ ነገር አለ?"

አፌ ለ"የለም" ተዘጋጅቶ ነበር። ለምዶበታል። ቃሏን ግን ዋጥኳት።

"ያ ባለፈው ዓመት የጠገንኩት የእድሩ ድምፅ ማጉያ አለ አይደል? እሱ ውስጥም አራት ሊትየም አሉ" አልኳቸው።

ጋሽ ሸምሱ ቁልፋቸውን አውጥተው በሩን ከፈቱት።